በሦስት ምስክር የወደቀ ኑዛዜ

የሰፈራችን ሰው ነበሩ፤ ሁላችንም ጋሼ እንላቸዋለን። ከሰልስታቸው ማግስት ልጆቻቸው የቆርቆሮ ሳጥናቸውን ከፈቱ። ከቤቱ ካርታና ከግብር ደረሰኞች ሥር አንድ ቡናማ ፖስታ ተገኘ። ውስጡ ኑዛዜ ነው። ጋሼና ከሁለት ዓመት በፊት ያረፉት ባለቤታቸው አብረው ፈርመውበታል፤ ሦስት የእድር ሽማግሌዎች መስክረውበታል። ቃሉ ግልጽ ነበር። ሥራዋን ትታ ዘጠኝ ዓመት የጦረቻቸው ልጅ ጓሮ ያሉትን ሁለት ክፍሎች ትውሰድ፤ የቀረውን ሁሉም እኩል ይካፈሉ።

ወረቀቱ ፍርድ ቤት ሲደርስ ወደቀ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ሁለት ሰዎች በአንድ ሰነድ አብረው የሚያደርጉትን ኑዛዜ አይቀበልም፤ ባልና ሚስትም ቢሆኑ። ተናዛዡ ሙሉውን በእጁ ያልጻፈው ኑዛዜ ደግሞ በእሱና በአራት ምስክሮች ፊት መነበብ አለበት። መነበቡና ቀኑ እዚያው ላይ ይጻፋል፤ ሁሉም ወዲያው ይፈርማሉ። ከምስክሮቹ አንዱ በሥራው ላይ ያለ ውል አዋዋይ ወይም የፍርድ ቤት ሬጅስትራር ከሆነ ሁለት ይበቃሉ። ጋሼ ግን ሦስት ሽማግሌ አስቀምጠው ጨረስኩ ብለው ነበር። በአገራችን ሦስት ሽማግሌ ስንት ትዳር አስታርቋል፣ ስንት ደም አድርቋል። ለዚህ ወረቀት ግን አንድ ሰው ጎደለ።

ኑዛዜ ሲፈርስ ሕጉ ልጆችን ሁሉ እኩል ወራሽ ያደርጋል። ቤቱ ተሸጠ። ያቺ ልጅ ድርሻዋን ይዛ ከተማ ዳር ቤት ተከራየች። ወንድሞቿ ክፉ ሰዎች አይደሉም። የአባቷ ቃል ግን ሜዳ ላይ ቀረ።

ስንመርቅ «ጧሪ ቀባሪ ይስጥህ» እንላለን። ለቀባሪው በደንብ ተዘጋጅተናል። በየወሩ ለእድር እናዋጣለን፤ ድንኳኑ፣ ወንበሩ፣ ድስቱ ሁሉ ተቆጥሮ ተቀምጧል። ለመጦሩ ግን አንድ ገጽ ወረቀት የለንም። እናታችን መርሳት ስትጀምር ማን ጋ ትኑር? የኪራዩን ገንዘብ ማን ይሰብስብ? ሆስፒታል ብትተኛ ማን ይወስን? እሷ ራሷ ምን ትፈልጋለች? ይህን ሁሉ የምናወራው እሷ መናገር ካቃታት በኋላ ነው።

አንዱ ምክንያት ቃሉ ራሱ ይመስለኛል። ኑዛዜ ለንስሐ አባት የሚነገረውም ነው፤ ለወራሽ የሚተወውም ነው። ስለዚህ ጆሯችን ኑዛዜን ከመጨረሻው ትንፋሽ ጋር አያይዞታል። ጉዳዩን ያነሳ ልጅ «ገና ሳልሞት ልትቀብሩኝ ነው?» ይባላል፤ ሟርተኛ ይሆናል። አልጋ ላይ በቃል የተነገረ ኑዛዜ ደግሞ አቅሙ ትንሽ ነው። ሁለት ምስክር ሰምቶትም እንኳ ከቀብር ሥርዓት፣ ከትናንሽ ልጆች ሞግዚትና እያንዳንዳቸው ከ500 ብር ከማያልፉ ስጦታዎች በላይ አይሄድም። ቤት በቃል አይተላለፍም።

ውክልና ላይም ብዙ ሰው ይሳሳታል። «ውክልና አለኝ፣ ችግር የለም» የሚል ልጅ ብዙ አውቃለሁ። የተለየ ስምምነት ካልተጻፈበት በቀር ውክልና ወካዩ ሲሞት ያበቃል። ራሱን የማስተዳደር ችሎታ ሲያጣም እንዲሁ። በጣም በሚያስፈልግበት ሰዓት ማለት ነው። ስለዚህ እናትየው አእምሮዋ ደህና ሳለ፣ ብትታመም ውክልናው ይቀጥል ወይስ ይቁም የሚለው በግልጽ ቢጻፍ ጥሩ ነው። ደግሞ ጠቅላላ ውክልና ለማስተዳደር ሥራ ብቻ ነው፤ ቤት ለመሸጥ ልዩ ውክልና ያስፈልጋል። አንድ አዛውንት «ልጄ ነው፣ ምን ያደርገኛል» ብለው ሳያነቡ የመሸጥ ሥልጣን ሲሰጡ ሳይ ልቤ ይደነግጣል።

ከሁሉ የሚያሳዝነኝ ግን ስጦታ ነው። ኑዛዜ በማንኛውም ጊዜ ይሻራል፤ ስጦታ ግን ዛሬውኑ ከእጅ ይወጣል። ቤቷን ለልጇ በስጦታ አዛውራ በገዛ ሳሎኗ እንግዳ የሆነች እናት አውቃለሁ። ቴሌቪዥን ለመክፈት ምራቷን ታስፈቅዳለች። ሕጉ ግን ለዚህ መላ አለው፤ አላባ ይባላል። ባለቤትነቱን ለልጅ አስተላልፎ፣ በሕይወት እስካሉ ድረስ የመኖርና ኪራዩን የመብላት መብትን ለራስ ማስቀረት ይቻላል። ሰነዱ ላይ ሁለት መስመር ቢጨመር ያቺ እናት የቤቷ እመቤት ሆና ትኖር ነበር። ያን ቀን ይህን የነገራት ሰው አልነበረም።

ባለሙያዎችን የምወቅሰው እዚህ ላይ ነው። ጠበቃ ዘንድ ልጅ እናቱን ይዞ ሲመጣ ጠበቃው የሚያወራው ከልጁ ጋር ነው። የሚከፍለው እሱ ነዋ! እናትየው ነጠላዋን አስተካክላ ጥግ ትቀመጣለች። መጨረሻ ላይ «እዚህ ጋ ይፈርሙ እማማ» ትባላለች። ልጆቹን ለአሥር ደቂቃ ውጭ አስቀምጦ «እርስዎ ምን ይፈልጋሉ?» ማለት ምን ይከብዳል? ሰነድ የሚያረጋግጡ ሠራተኞች፣ የባንክ ሠራተኞችም ይህን ቢለምዱ ብዙ እንባ ይድናል።

ሐኪሞቻችንም እንዲሁ። የምርመራው ውጤት ከባድ ሲሆን ልጁን ወደ ኮሪደር ይጠሩታል። ልጁ እንባውን ጠርጎ ይገባና «ትንሽ ጨጓራ ነው አሉ» ይላል። ከፍቅር እንደሆነ አውቃለሁ። ግን አባትየው የቀረውን ጊዜ ካላወቀ ቤቱን እንዴት ያስተካክላል? የተጣላውን ወንድሙን መቼ ይታረቃል? ሕመሙን ስንደብቀው የመወሰን ዕድሉንም አብረን እንወስድበታለን።

ውጭ አገር ላላችሁም አንድ ነገር ልበል። ዋሽንግተን ወይም ዱባይ ሆኖ ገንዘብ የሚልከው ልጅ ድምፁ ከፍ ብሎ ይሰማል። ሌሊት ተነስታ አባቷን የምታገላብጠው ልጅ ድምፅ አይሰማም። የቤተሰብ ሕጉ ወላጅን የመቀለብ ግዴታ በልጆች ሁሉ ላይ ጥሏል። የእሷ ጉልበትና ያጣችው ደመወዝ የዚያ ቀለብ ትልቁ ድርሻ ነው። በቤተሰብ ስብሰባ ላይ ቁጥር ሆኖ ቢነሳ ደስ ይለኛል።

ይህ ወሬ መቼ ይጀመር ለሚለኝ፣ 60 ዓመት ሞልቶ የጡረታ ወረቀት ሲጨረስ ይሻላል እላለሁ። ያኔ ሰው ጤነኛ ነው፤ ማንም ሟርት አይለውም። እድሮችም ከወርሃዊ ስብሰባቸው በአንዱ ጠበቃ ጋብዘው ቢያስረዱ እወዳለሁ። ሰው እድሩን ያምናል።

እኔ እናቴን የጠየቅኳት በጥምቀት ሰሞን ነው፤ ቡና እያፈላች። የጋሼን ፖስታ ታሪክ ነገርኳት። ዝም አለች። ሁለተኛው እስኪቀዳ ድረስ አልተናገረችም። ከዚያ «እስክሪብቶ አምጣ» አለችኝ። ስለ ቤቱ ትጀምራለች ብዬ ነበር። «መጀመሪያ ይሄን ጻፍ» አለች። «ብታመም ሐኪሙ ለእኔ ይንገረኝ። ኮሪደር ላይ እንዳትንሾካሾኩብኝ።» ቀጥላ ከማን ጋር መኖር እንደምትፈልግ፣ ከማን ጋር እንደማትፈልግም ነገረችኝ፤ ሁለተኛው ትንሽ አሳዘነኝ፣ ግን ጻፍኩት። የቤቱ ነገር አራተኛ ላይ መጣ። ምስክሮቹን ስንቆጥር ሦስት የእድር ሰዎች ጠራች። አራተኛውን አሰበች፣ አሰበች፣ ከዚያ ተነስታ የጎረቤታችንን በር ልታንኳኳ ወጣች።