ስስ ትንተናና ጥልቅ ትንተና፦ ለአማርኛ ሁለቱን እናጣምር ወይስ አንዱን እንምረጥ?

ለክርክር የቀረበው ሐሳብ «አማርኛን የሚያነብ ኮምፒዩተር ስስና ጥልቅ ትንተናን አጣምሮ መያዝ አለበት» የሚል ነው። ስስ ትንተና የምንለው ቅጥያ መቁረጥን፣ የቃል ክፍል መለየትን፣ ሐረግን ከሐረግ መክፈልን የመሰለ፣ ፈጣንና በአመዛኙ ከብዙ ጽሑፍ በተገኘ ግምት ላይ የሚቆም ሥራ ነው። ጥልቅ ትንተና ደግሞ የቋንቋው ሰዋስው በሕግ ተጽፎ፣ ማን ማንን ምን እንዳደረገ እስከ ትርጉሙ ድረስ የሚፈታበት ሥራ ነው። ዛሬ «ጥልቅ» የሚለው ቃል ከብዙ ጽሑፍ እየተማሩ ለሚሠሩ፣ ብዙ ንብርብር ላላቸው የነርቭ መረቦችም ስለሚነገር አንባቢ እንዳይምታታበት እናሳስባለን፤ በዚህ ክርክር የነርቭ መረቦች የሚመደቡት ከግምት ወገን ነው። ደጋፊዋ የሥነ ልሳን ባለሙያ ናቸው፤ ተቃዋሚው የሶፍትዌር መሐንዲስ ናቸው። ዓመታቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ደጋፊ፦

ፊደል የቆጠረ ሁሉ በሚያውቃት ዐረፍተ ነገር ልጀምር። «አበበ በሶ በላ» ሦስት ቃል ናት፤ ሕፃን እንኳ አይሳሳትባትም። ቅድመ ቅጥያ እየቆረጠ ሥር ለሚፈልግ ተራ ፕሮግራም ብትሰጥ ግን፣ ከሦስቱ ሁለቱ በ«በ» ስለሚጀምሩ «ሶ» እና «ላ» ሆነው ይወጣሉ። በዚያው ስለት በቀለ «ቀለ»፣ ከበደ «በደ»፣ ለገሰ «ገሰ» ሆነው ይቀራሉ። በጽሑፍ የሠለጠነ የቃል ክፍል መለያ ከዚህ በእጅጉ ይሻላል፤ እሱም ቢሆን «አበበ» የሰው ስም ነው ወይስ ዛፉ አበበ እንደምንለው ግስ ነው የሚለውን የሚወስነው ከዚህ ቀደም በየትኛው መልኩ ደጋግሞ እንዳየው ነው። ሰዋስው የያዘ ተንታኝ ግን የአማርኛ ማሰሪያ አንቀጽ መጨረሻ ላይ እንደሚውል፣ «በላ» ደግሞ በይውና ተበይ እንደሚፈልግ ስለሚያውቅ፣ ባለቤቱንና ተሳቢውን በምክንያት ይለያል።

ይህን ማለቴ ስሱ ይጣል ለማለት አይደለም፤ ጥልቁም ብቻውን ሲቆም ይንገዳገዳል። ማይክል ጋሰር በኢንዲያና ዩኒቨርሲቲ ሠርተው በ2011 ያቀረቡት ሆርንሞርፎ የአማርኛ፣ የኦሮምኛና የትግርኛ ቃላትን በሕግ እየፈታ ወደ ምዕላዶቻቸው፣ ማለትም ትርጉም ወዳላቸው ትንንሽ ክፍሎቻቸው፣ ይመልሳል። «ስላልነገረችኝ» ከሚለው አንድ ቃል ውስጥ «ስለ»ን፣ የአሉታውን «አል»ን፣ «ነገረ»ን፣ ባለቤቷን የሚያመለክተውን «ች»ንና ተሳቢውን «ኝ»ን አንድ በአንድ የሚያወጣ ሥራ ነው። ነገር ግን «ይመታል» ሲሰጠው ጽሑፋችን ጥብቀትን ስለማያሳይ፣ ላልቶ ሲነበብ መቺውን፣ ጠብቆ ሲነበብ ተመቺውን፣ ሁለቱንም ያቀርባል። ሕጉ የሚፈቀደውን ይዘረዝራል እንጂ አይመርጥም። የሚመርጠው ዐውድ ነው፤ ዐውድን በማየት ረገድ ደግሞ ግምት የተካነ ነው። ለዐረብኛ ይህ ሥራ ከተጀመረ ቆይቷል፤ ኒዛር ሐበሽና ኦወን ራምቦው በ2005 ባቀረቡት ሥራ፣ በሕግ የተሠራው ተንታኝ የሚቻሉትን ፍቺዎች ሁሉ ሲያወጣ፣ በጽሑፍ የሠለጠኑ ለዪዎች ከመካከላቸው ለዐውዱ የሚስማማውን ይመርጣሉ። ዐረብኛ የአማርኛ ዘመድ ነው፤ ሥርና ቅጥያው የሚያስከትለውም ችግር ከእኛው ጋር የተቀራረበ ነው።

ተቃዋሚ፦

እኅቴ በመቀስ የሚቆርጠውን ፕሮግራም ማጣጣልዎ ተገቢ ነው፤ ዛሬ ግን ያንን ይዞ የሚከራከርዎ የለም። የእኔ ጥያቄ የወጪ ጥያቄ ነው። ጥልቅ ሰዋስው የሚጻፈው በሰው እጅ ነው፤ የሚጻፈውም በወራት ሳይሆን በዓመታት ነው። ኢንግሊሽ ሪሶርስ ግራመር የተባለው የእንግሊዝኛ ሰዋስው በስታንፎርድ መጻፍ የጀመረው በ1990ዎቹ መጀመሪያ ነው። ከዐሥር ዓመት ልፋት በኋላ፣ በ2004 በብሪታንያ ብሔራዊ የጽሑፍ ክምችት ላይ ሲፈተን፣ ቃላታቸው ሁሉ በመዝገቡ ውስጥ የተገኘላቸው ዐረፍተ ነገሮች 32 በመቶ ገደማ ብቻ ነበሩ፤ ከእነዚያም ውስጥ ትንተና ያገኙት 57 በመቶ ናቸው። ይህ የሆነው ገንዘብም፣ ባለሙያም፣ መዝገበ ቃላትም በሞላለት ቋንቋ ነው። የአማርኛን አገባብ ጠንቅቀው የሚያውቁ፣ ከዚያም ላይ ፕሮግራም መጻፍ የሚችሉ ሰዎች ግን እጅግ ጥቂት ናቸው።

ጥምረቱን በትልቁ የሞከሩትም ጀርመኖች ናቸው። ከ1993 እስከ 2000 በመንግሥታቸው ድጋፍ የተካሄደው ፌርብሞቢል፣ በጀርመንኛ፣ በእንግሊዝኛና በጃፓንኛ ስለ ቀጠሮና ስለ ጉዞ የሚነጋገሩ ሰዎችን ንግግር ለመተርጎም፣ ጥልቅ ሰዋስውን፣ ስስ ሐረግ ከፋይንና በስታቲስቲክስ የሚሠራ ተንታኝን ጎን ለጎን አሰልፎ ነበር። ከሥርዓቱ የትርጉም መንገዶች መካከል በመጨረሻው ግምገማ ስሕተት ያነሰበት ግን በጥልቅ ትንተና በኩል ያለፈው አልነበረም፤ ከተተረጎሙ ጽሑፎች በስታቲስቲክስ የተማረው ነው። ያንን ያህል ሀብት ፈስሶበት ይህ ከሆነ፣ ያሉን ጥቂት ባለሙያዎች ሕግ በመጻፍ ጊዜያቸውን ከሚያጠፉ ይልቅ ጽሑፍ ቢያርሙና መለያ ቢሰጡ፣ በዚያ የሠለጠነው ሞዴል፣ ማለትም ከጽሑፍ የተማረው ፕሮግራም፣ ሕጉን ራሱ ፈልጎ ያገኘዋል እላለሁ።

ደጋፊ፦

በ2004 የተገኘውን ውጤት ስላነሡ አመሰግናለሁ፤ እኔም ላነሣው ነበር። ሰዋስው የወደቀው አገባብ ስላላወቀ ብቻ አይደለም፤ በመጀመሪያ የወደቀው ቃሉን ስላላወቀው ነው። ያልታወቀን ቃል «ይህ ስም ነው፣ ይህ ግስ ነው» ብሎ በመገመት ደግሞ ስሱን መለያ የሚስተካከለው የለም። ያ ግምት ለሰዋስው ሲሰጠው፣ መዝገብ ላይ ባልሰፈረ ቃል ምክንያት ይቆም የነበረው ትንተና ይቀጥላል። ለጀርመንኛ በ2003 የቀረበ ሥራም አለ፤ ስሱ ከፋይ የዐረፍተ ነገሩን ዋና ዋና ክፍሎች አስቀድሞ ሲያመለክትለት፣ ጥልቁ ተንታኝ ከእጥፍ በላይ ፈጥኗል።

ሁለቱ እንዴት ይነጋገራሉ ቢሉኝ፣ የቀበሌ ቅጽን ያስቡ። አንዱ ሠራተኛ ስምና አድራሻ ይሞላል፤ ሌላው በዚያው ወረቀት ላይ የቤተሰቡን ሁኔታ ይጨምራል፤ ያልታወቀው ቦታ ክፍት ይቀራል እንጂ ወረቀቱ አይቀደድም። በካምብሪጅ አን ኮፕስቴክ የቀመሩት የትርጉም አጻጻፍ በዚህ መንገድ የሚሠራ ነው፤ ስሱ ትንተና የሚያወጣው ውጤት የጥልቁ ያልተሟላ መልክ ሆኖ ይጻፋል፤ ጥልቁ ሲሳካ ክፍት ቦታው ይሞላል፣ ሳይሳካ ያለው ይበቃል። ከ2002 እስከ 2004 በአውሮፓ ኅብረት ድጋፍ የተሠራው ዲፕ ቶውት የተባለው ፕሮጀክትም የተመሠረተው በዚሁ አጻጻፍ ላይ ነው።

ሞዴሉ ሕጉን ራሱ ያገኘዋል ላሉት አንድ ነገር በቅርብ ልጠይቅዎ። አንዲት ታካሚ መድኃኒቷን «አልወሰደችም»፣ «ሳትወስድ ሄደች»፣ «ያልወሰደች»፣ «ካልወሰደች» ተብሎ ሊጻፍ ይችላል። አሉታው በአራቱም አለ፤ በአራቱም መልኩ የተለያየ ነው። «ሳትወስድ» በሚለው ውስጥማ «አል» የሚባል ነገር ፈጽሞ የለም። ሥር የሚፈልገው ፕሮግራም አራቱንም «ወሰደ» ብሎ ይመልሳል፤ በሐኪም ቤት መዝገብ ላይ ይህ የትርጉም መጥበብ አይደለም፤ መገልበጥ ነው። ሰዋስው ከጻፍን አራቱም በአንድ ሕግ ሥር ይውላሉ። ከጽሑፍ ይማር ከተባለ ግን፣ እያንዳንዱ መልክ ከየግሱ ጋር በበቂ መጠን ተጽፎ እስኪገኝ መጠበቅ ሊኖርብን ነው።

ተቃዋሚ፦

የአሉታው ምሳሌ ከባድ ነው፤ አላቃልለውም። ግን በወረቀት ላይ ያለው ጥምረትና በሥራ ላይ ያለው ጥምረት የተለያዩ መሆናቸውን ከራሴ ላጫውትዎ። ለአንድ መሥሪያ ቤት የድሮ ሰነዶቹን የሚፈልግበት ፕሮግራም ስንሠራ፣ እርስዎ እንደሚሉት ሕግ የሚፈታ ክፍልና ግምት የሚሰጥ ክፍል አገናኝተን ነበር። የሕጉ መዝገብ «ኃይል» ይላል፤ ጸሐፊዎቹ «ሀይል»ም «ሃይል»ም ብለው ጽፈዋል። «ፀሐይ»ን ፊደል እየቀያየሩ በ12 መንገድ መጻፍ ይቻላል፤ በሰነዶቹ ውስጥ ብዙዎቹ ነበሩ። ሕጉ «አላውቀውም» ሲል ግምቱ የራሱን ይሰጣል፤ ሁለቱ ሲጣሉ ማን ይዳኝ የሚለውን ለመወሰን ሌላ ሕግ ጻፍን፤ ለዚያም ሕግ ሌላ ማስተካከያ ጨመርን። ሕጎቹን የጻፈው ባልደረባችን ሥራ ሲቀይር፣ ከእኛ መካከል ፋይሉን ከፍቶ ለመንካት የደፈረ አልነበረም። ስሕተቱ ከየትኛው ክፍል እንደመጣ ለማወቅ እንኳ አንዳንዴ ሙሉ ቀን ይወስድብን ነበር። አንድ ሞዴል ቢሆን ኖሮ የተሳሳተባቸውን ሰነዶች አርመን መልሰን እናሠለጥነው ነበር።

ደጋፊ፦

የደረሰብዎት እውነተኛ ችግር ነው፤ ሕግ የጻፈ ሰው ሲሄድ ሕጉ አብሮት እንዳይሄድ መጠንቀቅ ከጥምረቱ ጋር የሚመጣ ሸክም መሆኑን እቀበላለሁ። ነገር ግን ሀ፣ ሐንና ኀን፣ ሰንና ሠን፣ አንና ዐን፣ ጸንና ፀን ወደ አንድ የሚመልስ ሰንጠረዥ ጥቂት መስመር ነው፤ ከጥልቁ ትንተና በፊት የሚደረግ ስስ ሥራ ነው። የጎደለዎት እሱ ነበር እንጂ ጥምረቱ ራሱ አልነበረም። ማን ይዳኝ ለሚለውም እኔ የዳኝነት ሕግ አልጽፍም። ሕጉ የሚቻሉትን ይዘርዝር፤ ግምቱ ከዝርዝሩ ይምረጥ፤ ዝርዝሩ ባዶ ሲሆን ግምቱ ብቻውን ይናገር፣ መናገሩም በምልክት ይታወቅ። እንዲህ ከሆነ ስሕተቱ ከየት እንደመጣ መፈለጊያው ቅርብ ነው፤ ትክክለኛው ፍቺ በዝርዝሩ ውስጥ ከሌለ ጥፋቱ የሕጉ ነው፤ ኖሮ ካልተመረጠ የግምቱ ነው።

«አንድ ሞዴል» ላሉት ደግሞ፣ በ2018 የወጣው ብዙ ልሳናዊው በርት የተባለው የነርቭ መረብ ሞዴል 104 ቋንቋዎችን ይዞ አማርኛን አልያዘም ነበር። የቃል ዝርዝሩ የእኛን ፊደላት ስለማያውቅ ማንኛውም የአማርኛ ቃል ሲሰጠው «ያልታወቀ» በሚል አንድ ምልክት ይተካው ነበር። «አልወሰደችም»ና «ወሰደች» ለእሱ አንድ ነበሩ። ጽሑፍን ወደ ባይት፣ ማለትም ኮምፒዩተር ጽሑፍን ወደሚያስቀምጥባቸው ትንንሽ አሃዶች፣ ሰባብረው የሚያነቡት ሞዴሎችም ቢሆኑ፣ በዩኒኮድ የተለመደ አጻጻፍ አንዱ ፊደላችን ሦስት ባይት ስለሚወስድ፣ «ስላልነገረችኝ»ን እስከ 24 ቁራጭ ሊያደርሱት ይችላሉ። ከቁራጮቹ አንዱም ከምዕላድ ወሰን ጋር እንዲገጥም የሚያስገድደው ነገር የለም።

ተቃዋሚ፦

ያ ጉድለት ግን በአንድ ዓመት ተሞልቷል፤ በ2019 የወጣው ኤክስኤልኤም ሮቤርታ የተባለው ሌላ ብዙ ልሳናዊ ሞዴል ከያዛቸው 100 ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ነው። የተሞላውም ጽሑፍ በመጨመር ነው እንጂ አንዲት የሰዋስው ሕግ በመጻፍ አይደለም።

ደጋፊ፦

ልክ ነው፤ ሞዴሉ ፊደላችንን አወቀ። ፊደል ማወቅና ቃሉን መፍታት ግን ይለያያሉ። ዛልሙትና ሐበሽ በ2017 የዐረብኛውን መራጭ ወደ ነርቭ መረብ ሲቀይሩት የሕጉን ተንታኝ አልጣሉም፤ ተንታኙ ሲኖር መረቡ ብቻውን ከሚሠራው የተሻለ እንደሚሠራ አሳይተዋል። የዐረብኛ ጽሑፍ ከእኛ እጅግ የበዛ ሆኖ ይህ ከታየ፣ ጽሑፋችን ባነሰ መጠን የሕጉ ጥቅም የሚጨምር ይመስለኛል። የእኛን መጠን ደግሞ እርስዎም ያውቁታል፤ ከዋልታ ዜናዎች ተወስዶ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ መለያ የተሰጠው ክምችት 1,065 ዜናና 210,000 ያህል ቃል ነው። በዚያም ላይ «በቤት» የመሰለው ቃል «መስተዋድድ ያለበት ስም» የሚል አንድ መለያ ይሰጠዋል፤ «በ» የት ላይ እንዳበቃ መለያው አይናገርም።

ተቃዋሚ፦

በቃል ደረጃ፣ ተንታኝ ይዘርዝር፣ መረብ ይምረጥ የሚለውን እቀበላለሁ፤ ሆርንሞርፎ ተሠርቶ ስላለ አዲስ ወጪውም ትንሽ ነው። በዐረፍተ ነገር ደረጃ ሙሉ ሰዋስው እንጻፍ የሚለውን ግን አሁንም አልቀበልም። ቢንያም ኤፍሬም፣ ዩሱኬ ሚያኦና ባዬ ይማም በ2018 ያቀረቡት፣ አገባቡ በእጅ የተተነተነ የአማርኛ ክምችት 1,074 ዐረፍተ ነገር አለው፤ እንደ «በ» ያሉት ከቃል ጋር ተጣብቀው የሚጻፉ ተለጣፊዎችም በውስጡ ተለይተው ተጽፈዋል። ይህን ቁጥር ዐሥር እጥፍ ማድረግ ሰዋስው ከመጻፍ ይቀላል፤ ሥራውም ለብዙ ተማሪ ሊከፋፈል ይችላል። እነዚያን ዐረፍተ ነገሮች ለሁለት እንክፈል፤ በግማሹ የእኔ መረብ ይሠልጥን፤ የእርስዎም ጥምረት በዚያው ይዘጋጅ፤ በቀረው ግማሽ ባለቤትና ተሳቢን ማን በትክክል እንደለየ እንቁጠር።

ደጋፊ፦

በፈተናው እስማማለሁ፤ አንድ ነገር ግን ይጨመርልኝ። አሉታ ያለባቸው ዐረፍተ ነገሮች ለብቻቸው ይቆጠሩ፤ ከእነሱም ውስጥ «ሳ» እና «ካል» ያለባቸው ለብቻ። ጥቂት ስለሚሆኑ በጠቅላላው ውጤት ውስጥ ገብተው እንዳይጠፉ እፈራለሁ፤ ታካሚዋ መድኃኒቷን መውሰድ አለመውሰዷ የተጻፈው ደግሞ በእነሱ ነው።