የራንደሞች ቅሬ

እኛ ወሎዬዎች እንግዳ መቀበል እናውቅበታለን። ንጉሥ ሚካኤል ደሴ ላይ ያሠሩት የግብር አዳራሽ ስሙ ራሱ «አይጠየፍ» ነው። እኔም በዚህ እየኮራሁ ነው ያደግሁት፤ ፐብጂ የሚሉትን የስልክ ጌም እስክጀምር ድረስ።

ለማያውቅ ላስረዳ። 100 ሰው ከአውሮፕላን ይዘልና ከየቤቱ መሣሪያ፣ ጥይትና ፋሻ ይለቃቅማል። መጫወቻው ክልል እየጠበበ ይመጣል፤ ከክልሉ ውጭ ተዘናግቶ የቆየ ይሞታል። በስኳድ ሲሆን አራት አራት ሆኖ ነው፤ 25 ቡድን ማለት ነው። ጓደኞችህ ኦንላይን ከሌሉ ጌሙ ራሱ ሦስት የማታውቃቸውን ሰዎች ይመድብልሃል። «ራንደም» የምንላቸው እነዚህን ነው። እኛ ሠፈር ቃሉ ስድብ ሆኗል። «እንዴት ተሸነፍክ?» ሲሉህ «ራንደም ደርሶኝ» ካልክ ማንም ሁለተኛ አይጠይቅህም። አንተም ለሦስቱ ራንደም እንደሆንክ የሚያስታውስህ የለም።

ራንደም ስንት ዓይነት ነው መሰላችሁ! ሦስታችሁ ወደ ምሥራቅ ስትዘሉ እሱ ለብቻው ምዕራብ ወርዶ፣ በግማሽ ደቂቃ ሞቶ፣ «ለምን አልደረሳችሁልኝም» ብሎ የሚሳደብ አለ። ማይኩን ከፍቶ የቤቱን ዶሮና የሚያለቅስ ሕፃን የሚያሰማን አለ። ከሁሉም የከፋው ግን የማይረባውን ሁሉ የሚያጭቀው ነው። እሱን በደንብ አውቀዋለሁ፤ እኔ ነኝ።

ባለፈው ዓርብ ከሰዓት ጭጋጉ የጦሳን ተራራ ሸፍኖ አያቴ ቡና እያፈላች ነበር። ከጅዳ የተመለሰችው ጎረቤታችንም አቦሉን እየጠበቀች ተቀምጣለች። እኔ ጥግ ይዤ በመካከለኛው ምሥራቅ ሰርቨር ገብቻለሁ፤ የደረሱኝ ሦስቱም ዓረብኛ ተናጋሪ ናቸው። የያዝኩት ኤም 416 ነው፣ የሚበላው 5.56 ጥይት ነው። ቦርሳዬ ውስጥ ግን 200 ፍሬ 7.62 ጭኛለሁ፤ ለእኔ ሽንብራ ማለት ነው። አጠገቤ ያለው ልጅ ኤኬኤም ይዞ ያንኑ 7.62 ይለምነኛል። መልእክቱን በጌሙ አዝራር ነው የሚልከው፤ ለእኔ በሚገባኝ ቋንቋ ነው የሚደርሰኝ። እንዳልገባኝ ሆንኩ።

ብዙም ሳንቆይ ከኮረብታው ላይ መቱኝ።

«አንሱኝ! ወደቅሁ! አንሱኝ!» ብዬ በአማርኛ ጮህኩ። ድንጋጤ ሰርቨር አይመርጥም።

አያቴ ጀበናዋን አስቀመጠች። «ያረቢ! ማነው የወደቀው?»

«እኔ ነኝ፣ እማ።»

«ተቀምጠህ?»

«ጌሙ ላይ ነው።»

«ታዲያ ሰዎችህ የት ሄዱ?»

«አንዱ ሞቷል፣ አንዱ ቤት ይበረብራል። አንዱ እዚሁ ነው፤ ጥይት ስለነፈግኩት ተቀይሞኛል።»

«ለምን ነፈግከው?»

«ለክፉ ቀን ብዬ ነዋ።»

«ይኸው ክፉ ቀኑ» አለችና ወደ ፍሙ ዞረች።

ልጁ ግን መጣ። የጭስ ቦምብ ወረወረና አጠገቤ በርከክ ብሎ ያነሣኝ ጀመር። ሰው ማንሣት ጊዜ ይወስዳል፤ በዚያ ሁሉ ጊዜ እጁ ተይዟል፣ መተኮስ አይችልም። አፉ ግን ነፃ ስለሆነ ያወርድብኛል።

«ምን አለ?» አለች አያቴ።

ጎረቤታችን ጉሮሮዋን ጠረገች። «አላህ ያሽርህ ነው ያለው።»

«ሒማር ሲል ሰማሁ እኮ። ሒማር አህያ አይደለም እንዴ?»

«እዚያ አገር የፍቅር ነው» አለች፣ ሳትስቅ።

አያቴ ቶናውን እየቀዳች ስለ ቅሬ አነሣች። ሌላው እድር የሚለውን እኛ ቅሬ ነው የምንለው። ከጓሮ ጎረቤታችን ጋር በውሃ መውረጃ ቦይ ከተኳረፉ ቆይተዋል፤ ሰላምታ እንኳ የለም። ሴትዮዋ ቤት ለቅሶ ሲሆን ግን የቅሬው እንጀራ ከእኛ ቤት ቀድሞ ይወጣል። «አላናግራትም፤ እንጀራውን ግን እልካለሁ» አለች። «ጎረቤት መርጬ ነው እንዴ የገባሁት? የደረሰኝን ነው።»

ስለ ፐብጂ ብዙ ቪዲዮ አይቻለሁ፤ እንዲህ አድርጎ ያስረዳኝ የለም። የድምፅ ቻቱን ዘጋሁት። ዘጋሁት ማለት ስድቡን እንጂ ልጁን አይደለም። 7.62ቱን በሙሉ እግሩ ሥር ዘረገፍኩለት። ጠላት ባየሁ ቁጥር ካርታው ላይ ምልክት አደርጋለሁ፤ እሱም ያደርጋል። እሱ ሲተኩስ እኔ እሸፍናለሁ፣ እኔ ፋሻ ስጠቀልል እሱ በር ይጠብቃል። አንዲት ቃል ሳንለዋወጥ፣ ዓመት አብረን እንዳረስን ሰው ተግባባን። ቤት ሲበረብር የነበረው ከክልሉ ውጭ ቀርቶ ሞተ፤ ነፍስ ይማር፣ መልካም የራስ ቁር ነበረው። ከ25 ቡድን ሦስት ቀረን። ከዚያ ሁለት።

መብራት ጠፋ።

መብራቱ ሲሄድ ዋይፋዩም አብሮ ሄደ። እኔ እዚያ ሜዳ ላይ ማሽላ ውስጥ እንደቆመ የወፍ ማስፈራሪያ ተገትሬ ቀረሁ ማለት ነው።

«ያ ልጅ ብቻውን ቀረ?» አለች አያቴ በጨለማው ውስጥ።

የካርድ ዳታ ከፍቼ እስክመለስ ጨዋታው አልቋል፤ ሁለተኛ ወጥተናል። ከልጁ በዓረብኛ ረዘም ያለ መልእክት መጥቷል። ስልኩን ለጎረቤታችን ሰጠኋት። አነበበችው። እኔን አየች፣ አያቴን አየች።

«ምን አለ?»

«ሰላም በሉልኝ ብሏል።»

አያቴ በረካውን እየቀዳች ራሷን ነቀነቀች። «ወአለይኩም ሰላም በዪው። ጥይቱም እንደደረሰው ጠይቂልኝ።»