ጎማው ይቆይ፣ ስፖይለሩ ይቅደም

ውለታ ቢሶች ሆነን እንጂ፣ ለሰሜን ሸዋው የቪትዝ ባለቤት እስካሁን ሐውልት ባቆምንለት ነበር። ጎማው ራሰ በራ ሆኗል። የፍሬን ሸራው በተረገጠ ቁጥር ያፏጫል። የዝናብ መጥረጊያው የሚጠርገው የመስታወቱን ግማሽ ነው። ወንድማችን ግን ወይ ፍንክች! ያጠራቀማትን ይዞ አዲስ አበባ ይሄዳል፤ ሶማሌ ተራ ገብቶ ሲከራከር ይውላል፤ ማታ በካርቶን የተጠቀለለ ስፖይለር፣ ያቺን ከኋላ በር አናት ላይ የምትገጠም ክንፍ፣ ታቅፎ ደብረ ብርሃን ይገባል። 130 ኪሎ ሜትሩን የሚመጣው በሚኒባስ ነው። በራሱ መኪና አይሄድም። ጎማውን አያምነውማ!

አሮጌው ስፖይለር ምን ሆኖ ነው የምትሉ ምቀኞች አትጠፉም። አንድ ጫፉ ተሰንጥቋል፣ ቀለሙን ፀሐይ ልጦታል። እንዲህ ሆኖ ሙሽራ ሊታጀብ ነው? ጎማ ጎንበስ ብሎ የሚያይ የለም። ፍሬንም ትዝ የሚለው የከዳ ቀን ነው። ስፖይለርን ግን ከኋላ የተሰለፈ ሁሉ፣ ወደደም ጠላ፣ ሲያይ ይከርማል።

የሳይንሱም ነገር ያስመሰግነዋል። ስፖይለር የተፈለሰፈው መኪና በኃይል ስትከንፍ ኋላዋን ሽቅብ የሚያነሳውን አየር ለመስበር ነው። ፖርሽ እ.ኤ.አ. በ1972 ባወጣው 911 ካሬራ አርኤስ ላይ «የዳክዬ ጭራ» የተባለች አጭር ስፖይለር አድርጎ ነበር። ያ መኪና በሰዓት 240 ኪሎ ሜትር ይነካል። የእኛዋ ቪትዝ የጫጫ ሜዳ ላይ፣ ነፋስ ከኋላ እየገፋላት፣ ተሳፋሪው ጸሎቱን አድርሶ፣ 100 ትገባለች። የአየር ጉልበት ደግሞ ክፉ ጠባይ አለው፤ ፍጥነት በግማሽ ሲቀንስ እሱ ወደ ሩብ ይወርዳል። በዚያ ላይ ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። አየሯ ስስ ነው፤ ጅቡቲ ወደብ ላይ ካለው ሩብ ያህሉ ይጎድለዋል። ቪትዝ ደግሞ የምትጎተተው በፊት ጎማዋ ስለሆነ፣ ኋላዋን መጫን ለጉዞዋ እምብዛም አይፈይድላትም። እንግዲህ ይህ ሰው ስፖይለር የሚገጥመው ለጥቅም አይደለም። በዚህ ዘመን ጥቅም የሌለበት ፍቅር የት ይገኛል?

ገጠማውን ጋራዥ ወስዶ ማሠራት ነውር ነው። ሙያ በልብ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ደጅ ላይ አንድ ካቻቢቴ፣ አንድ ፒንሳ፣ አንድ ትራፓኖ ከጎረቤት ተውሶ ይጀመራል። ፈረንጆቹ የመኪናውን የኋላ በር የውስጥ ልባስ በቀስታ አውልቀው ዳዶዎቹን ይፈታሉ። የመብራቱን ሶኬት ይነቅላሉ። ከዚያ አሮጌው ስፖይለር የተለጠፈበትን ቴፕ በፀጉር ማድረቂያ አሙቀው፣ በዓሣ ማጥመጃ ክር ወዲያና ወዲህ እየሳቡ ይቆርጡታል። ቀለሙ እንዳይጫር ነው አሉ። እኛ ክር ፍለጋ ጊዜ አናባክንም፤ የሽንኩርት ቢላ አለን። ቢላው ቀለሙ ላይ የሚተወው መስመር ደግሞ ምን ችግር አለው? አዲሱ ስፖይለር ይሸፍነዋል። የማይሸፍነው ስቲከር ይለጠፍበታል።

የሚለጠፍበት ቦታ በአልኮል መጽዳት አለበት። እዚህ ላይ የደብረ ብርሃን ሰው ተቸግሮ አያውቅም። አንድ አጎት አረቄያቸውን ይዘው ብቅ ይላሉ። ጥቂቱ ለመኪናው፣ የቀረው ለአማካሪው። ቀትር ላይ ቆርቆሮውም አጎትም ያበራሉ።

ከዚያ በሁለት ፊቱ የሚጣበቀው ድርብ ቴፕ ይመጣል። ይህ ቴፕ ሞቅ ያለ ነገር ይወዳል፤ ከ10 እስከ 15 ዲግሪ ካለው በታች ሲሆን የነካውን በወጉ አይዝም። ሙሉ ጉልበቱን እስኪያገኝም እስከ ሦስት ቀን መታገሥ ነው። ወንድማችን ግን የሚለጥፈው በኅዳር፣ ውርጩ ከመስታወቱ ሳይለቅ፣ ጣቶቹን እፍ እያለ ነው። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። የደብረ ብርሃን ውርጭ የመታው ቴፕ ግን ሳይውል ሳያድር ይለቃል።

መፍትሔው ትራፓኖ ነው። የአዲሱ ስፖይለር ቡሎንና የበሩ ቀዳዳ በሁለት ጣት ተላልፈዋል። ይህም የሚታወቀው ከተለጠፈ በኋላ ነው። ሸንጎው ይሰየማል። ጡረተኛው ጋሼ «ወደ ግራ ሳበው» ይላሉ። ባጃጅ ነጂው «ኧረ ጋሼ፣ ወደ ቀኝ ነው» ይላል። አንድ ተማሪ ሜትር ላምጣ ወይ ብሎ ይጠይቃል፤ ልጅ ስለሆነ ማንም አይቀየመውም። በግምት ይበሳል። የወረቀት ቴፕ ለጥፎ ምልክት ማድረግ፣ በቀጭን መሰርሰሪያ መጀመር፣ የተበሳውን ጠርዝ ፀረ ዝገት መቀባት፣ ከቡሎኑ ሥር ሲሊኮን ማድረግ ሁሉ ልባቸው ላልቆረጠ ሰዎች ነው። ሐምሌ ላይ ኋላ ወንበር የተቀመጠችው አክስት አንገቷ ላይ ጠብ ሲልባት «ላብ ነው» ትባላለች። በሐምሌ፣ በደብረ ብርሃን!

በሩን ከፍቶ የሚይዘው የጋዝ ዘንግ ለአዲሱ ክብደት አልተሠራምና ቀስ እያለ አናት ላይ ይወርዳል። ዱላ ይደገፍለታል። ዱላ ሞልቷል።

ስፖይለሩ ላይ ያለችው የፍሬን መብራት ሽቦዋ ሁለት ናት። ማገናኘት የደቂቃ ሥራ ነበር። ነገር ግን ቡና ቀረበ። ከአቦል እስከ በረካ ስለ ስፖይለሩ ቀለም ተወራ። ማንም ፍሬን እርገጥና እንይ አላለም። ደስታን ማደፍረስ ይሆናል።

እሁድ ምረቃ ነው፤ ወደ ሸዋ ሮቢት ይወረዳል። የጣርማበርን ቁልቁለት የማያውቅ ሰው ይህን ምረቃ ሊረዳው አይችልም። ከ3,000 ሜትር በላይ ካለ አናት ተነስቶ፣ የጣሊያን ዘመኑን ዋሻ አልፎ፣ ደብረ ሲናን ይዞ እስከ 1,300 ሜትር ገደማ እየተጠማዘዙ መውረድ ነው። ጉሙ ሲጥል የፊት ኮፈን ራሱ አይታይም። የቆዩ ሾፌሮች እዚህ ከባድ ማርሽ አስገብተው መኪናዋን በሞተር ይይዟታል፤ ፍሬን እንዳይግል ነው። ወንድማችን ማርሽ ነቅሎ በፎሌ ይለቃታል። ነዳጅ የቆጠበ ይመስለዋል። የተቆጠበው ለስፖይለሩ ቫርኒሽ ነው። ከኋላው ድንች የጫነ አይሱዙ በጉሙ ውስጥ የፍሬን መብራት እየፈለገ ይከተለዋል። ሾፌሩ ምን አነሰው? እንዲያ ያለ ስፖይለር ፊቱ ተገትሮለታል።

ደብረ ሲና መግቢያ ላይ ትራፊክ ፖሊስ ያስቆመዋል። ዞር ዞር ብሎ አይቶ፣ «የላይኛው ፍሬን መብራት አይበራም፤ አራቱም ጎማ አልቋል» ይለዋል።

ወንድማችን መስታወቱን አውርዶ፣ ጥርሱ በጥርስ ሆኖ፣ «ልክ ነዎት ጌታዬ፣ ሰሞኑን ይቀየራል። ግን ከሩቅ ሲያዩት ኦሪጅናል አይመስልም?»