ሜሪላንድ ላይ የምንሸከመው፣ ወፍ ዋሻ ላይ የምንጥለው

በሰመር ቅዳሜ ሜሪላንድ ውስጥ ፏፏቴ ማየት የሚፈልግ ሐበሻ ገና ጎህ ሲቀድ ነው የሚነሳው። ካኒንግሃም ፎልስ የተባለው ፓርክ የመኪና ማቆሚያው ከሞላ በሩ ይዘጋል፤ ተዘጋ ማለት ተዘጋ ነው። «ልጆች ይዣለሁ፣ ከሩቅ ነው የመጣሁት» የሚባል ነገር አይሠራም። ከሲልቨር ስፕሪንግ ተነስተህ፣ የተቀመመውን ሥጋ በበረዶ ሳጥን፣ ጀበናውን በፎጣ ጠቅልለህ፣ አክስትህን ከፊት አስቀምጠህ ትደርሳለህ፤ ዕድሜዋ ከልጅህ የማይበልጥ ባርኔጣ ያጠለቀች ጠባቂ «ተመለስ» ብላ በእጇ ታሳይሃለች። የእኛ ሰው ታዲያ እዚህ ላይ ያለውን ትሕትና ብታዩ! መገናኛ ላይ ከትራፊክ ፖሊስ ጋር ግማሽ ሰዓት የሚሟገተው አባወራ «ኖ ፕሮብለም» ብሎ መሪውን ይጠመዝዛል።

ፏፏቴው ራሱ፣ እውነቱን እንነጋገር ከተባለ፣ ያን ያህል አይደለም። ቁመቱ 78 ጫማ ነው፤ 24 ሜትር ገደማ መሆኑ ነው። ያውም ቁልቁል የሚወረወር ሳይሆን በድንጋይ ላይ እየተንሸራተተ የሚወርድ። ሸዋ ውስጥ ቢሆን ኖሮ ከብት ይጠጣበት ነበር እንጂ ስም የሚያወጣለት አይገኝም። ክረምት ላይ ደብረ ሊባኖስ፣ የፖርቱጋል ድልድይ አጠገብ፣ ወደ ገደሉ የሚወረወረውን ውሃ ያየ ሰው ለዚህኛው ስልኩን ከኪሱ አያወጣም።

መንገዱ ግን! በጫካው ውስጥ ግማሽ ማይል የምትሆን የእግር መንገድ አለች፤ ዛፎቹ ላይ በቀለም ምልክት ተደርጎላታል፤ ብትፈልግም አትጠፋም። በአስፋልቱ በኩል ደግሞ መራመድ ለሚቸግረው ከእንጨት የተሠራ መተላለፊያ አለ፤ ጉልበታቸውን የሚያማቸው እናቶቻችን በተሽከርካሪ ወንበር እየተገፉ ውሃው ፊት ድረስ ይደርሳሉ። አንዷ እዚያ ደርሰው እልል ሲሉ ፈረንጆቹ ደንግጠው ዞረዋል።

ከሁሉ ያስደነቀኝ ደግሞ ቆሻሻ መጣያ አለመኖሩ ነው። ረስተውት አይደለም፤ የሜሪላንድ ፓርኮች ደንብ ነው፤ ያመጣኸውን ይዘህ ትመለሳለህ። የእኛ ሰው አጥንቱን፣ የሎሚ ልጣጩን፣ የቡናውን አተላ ሳይቀር በፌስታል ቋጥሮ መኪናው ውስጥ ይከታል። አንድ ወዳጄ፣ ስሙን አልጠራም፣ ራሱን ያውቃል፣ ልጁ የማስቲካ ወረቀት ጣለ ብሎ ግማሹን መንገድ መልሶ አስኬዶታል። «ይሄ የሰው አገር ነው፤ ያዋርዱናል» እያለ። ይህቺን ንግግር ያዙልኝ።

ሌላም ነገር አለ፤ ሰሌዳ ላይ ሳነበው የተናደድኩበት። ያንን ጫካ ከፍጥረት ጀምሮ እንዲሁ የቆመ ነበር የሚመስለኝ። ለካ ተራራው በሙሉ ከሰል ሆኖ ነው ያለቀው! ፏፏቴው ካለበት ከካቶክቲን ተራራ ግርጌ በ1776፣ አሜሪካ ነጻነቷን ባወጀችበት ዓመት ማለት ነው፣ ሥራ የጀመረ የብረት ማቅለጫ ነበር። እስከ 1903 ድረስ ሲሠራ ኖሯል። ለእሱ ማንደጃ ደኑ ተመነጠረ፣ ከሰል ከሰለ። ከሠራተኞቹ መካከልም በባርነት የተያዙ አፍሪካውያን ነበሩ። ከሰሉ ይከስልባቸው የነበሩት ደልዳላ ቦታዎች ዛሬም በጫካው ውስጥ ይታያሉ። መንግሥት የተጎሳቆለውን መሬት በ1930ዎቹ ገዝቶ እንዲያገግም ተወው፤ በ1954 ደግሞ ፏፏቴው ያለበትን ክፍል ለሜሪላንድ ሰጠ። (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው።) እንግዲህ በየስብሰባው «የኢትዮጵያ ገበሬ ደኑን ጨረሰው» እየተባልን አንገታችንን ስንደፋ የኖርነው፣ ጨርሰው ካበቁ በኋላ መልሰው ባበቀሉ ሰዎች ፊት ነው። ማብቀላቸውን አልነቅፍም። ይህንን ግን ማንም ነግሮኝ አያውቅም።

አሁን ወደ አገር ቤት። የሄድነው መንገዱ ሰላም በነበረ ጊዜ፣ በጥቅምት፣ ደብረ ብርሃን ላይ ውርጩ ጆሮ ሲቆርጥ ነው። የማስቲካው ወዳጄም ለዕረፍት መጥቶ ነበርና አብረን ሆንን። ደብረ ብርሃን ተወልዶ ያደገው የአክስቴ ልጅ አንኮበር አጠገብ ያለውን የወፍ ዋሻ ደን ረግጦ አያውቅም። «ጫካ ለማየት ነው አሜሪካን ጥለህ የመጣኸው?» ብሎ ሳቀብኝ። አንኮበርን «አውቀዋለሁ» ይላል፤ የሚያውቀው ለሰርግ ሄዶ ነው። በ1976 በፈረንጅ አቆጣጠር አንኮበር ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የታየችውን ትንሽ ወፍ ፍለጋ ባዕዳን የሩቅ ማያ መነጽር አንጠልጥለው ውቅያኖስ አቋርጠው ይመጣሉ፤ የእኔ ዘመድ ግን አርባ ኪሎ ሜትር መሄድ ከበደው።

እሺ፣ ሄድን። እንግባ ስንል «ደብዳቤ ይዛችኋል?» ተባልን።

የምን ደብዳቤ?

«የትብብር ደብዳቤ። ከሚመለከተው አካል።»

ጫካ ውስጥ በእግር ለመሄድ! ሥራ የለንም፣ ጥናት የለንም፣ ዛፍ አንቆርጥም፤ አይተን እንመለሳለን። «ገባኝ፤ ግን ማኅተም ያለበት ቢሆን ጥሩ ነበር» አለ ልጁ፣ እሱም እያፈረ። ማኅተሙ ያለው ሌላ ቢሮ ነው፤ የሌላው ቢሮ ኃላፊ ስብሰባ ላይ ናቸው፤ ደረሰኝ የሚቆርጠው ደግሞ ኃላፊው ሲፈቅዱለት ነው። ቡና ጠጣን። ደግመን ጠጣን። መጀመሪያ የተነገረን ዋጋ የወዳጄ ጫማ ከታየ በኋላ አደገ። «ዲያስፖራ ናችሁ አይደል?» እሺ፣ ነን፤ እንክፈል፤ የሚቀበለን ስጡን! እኔን ያቃጠለኝ ገንዘቡ አይደለም፤ ሜሪላንድም የሌላ ግዛት ሰው ከነዋሪው ይልቅ ያስከፍላል። እዚያ ግን ዋጋው ተጽፎ በር ላይ ተለጥፏል፤ ጫማዬን ማንም አያየውም። ደረሰኙ እጃችን የገባው አምስት ሰዓት ላይ ነው። በሩ ላይ ደግሞ የጠየቀን የለም! እስከ ዛሬ ቦርሳዬ ውስጥ አለ።

ደኑን ለሸዋ ሰው አላስተዋውቅም። ጽዱ፣ ዝግባው፣ ወይራው፣ ከፍ ሲል ኮሶውና አስታው። አፄ ዘርዓ ያዕቆብ በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ለመናገሻ ደን ችግኝ ያስወሰዱት ከዚህ ነው እየተባለ ይነገራል። ብቻ ጉሙ ከይፋት ቆላ ሽቅብ እየተሳበ ሲመጣ፣ ሦስት ሰው ተቃቅፎ የማይሞላው ግንድ ሥር ቆሜ፣ የካቶክቲኑን ሰሌዳ አስታወስኩ። ያኛው ጫካ እንደገና ተወለደ ቢባል ዕድሜው መቶ ዓመት አይሞላም። ይኼኛው ሰሌዳም የለው፣ ቀለምም የለው።

የመራን አንድ አዛውንት የደን ጥበቃ ነበሩ። በርኖስ ደርበው፣ ኮንጎ ጫማ ተጫምተው፣ ዱላቸውን ትከሻቸው ላይ አጋድመው እንደ ፍየል ይወጣሉ፤ እኛ በዚያ ሁሉ ዶላር ጫማ እናዳልጣለን። ኮሶ ጋ ሲደርሱ ቆም ብለው «ይቺ ሴቴዋ ናት፤ መድኃኒቱ ከእሷ ነው። የእናንተ አያቶች ጥሬውን ሥጋ የደፈሩት እሷን ተማምነው ነው፣ ልጄ» አሉኝ። የአሜሪካኖቹን የከሰል ታሪክ ስነግራቸው ደግሞ ዱላቸውን መሬት ላይ ተክለው ሳቁ።

«እነሱም አክስለዋል?»

«ተራራውን በሙሉ፣ አባቴ።»

«ታዲያ ማን አስጣላቸው?»

«ዛፉ ሲያልቅ፣ ኋላም ድንጋይ ከሰል ሲመጣ ነዋ።»

«እኛ ግን ሳያልቅ ነው የያዝነው» አሉ። ኩራት አልነበረበትም፤ እንዲሁ ነገሩ ስለሆነ ነው የተናገሩት። በመንገዳችን ላይ እንጨት የተሸከሙ ሴቶች አጋጥመውን ገለል ብለን አሳልፈናል፤ «እንደምን ዋላችሁ» ብለውን አለፉ። ሽማግሌው በዓይናቸው ጭነቱን መረመሩ፤ ደረቅ ነው፤ ዝም አሉ።

ውሃው ከመታየቱ በፊት ይሰማል። ገደሉ ሥር ስንደርስ በነጭ ክር ላይ ነጭ ክር እየተደረበ ሲወርድ አየነው፤ ጥጋጥጉን ሽበት የመሰለ ሙጃ ሸፍኖታል። ወዳጄ ፎቶ ተነሳ፣ ቪዲዮ ቀረጸ፣ ለእናቱ ደወለ። ከዚያ ሃይላንዱን ጨልጦ ጠጣና ወደ ውሃው ወረወረው።

እንዲሁ፣ እንደ ቀልድ! የማስቲካ ወረቀት ያስለቀመው እጅ። እኔ «ምን ሆነሃል?» ስል «ተወው ባክህ፣ አገራችን እኮ ነው!» አለኝ።

አገራችን እኮ ነው። የሰው አገር ሲሆን የሎሚ ልጣጭ እንሸከማለን፤ የራሳችን ሲሆን እንወረውራለን። ይህ ሰው ሰነፍ አይደለም፣ ክፉም አይደለም፤ ለሰፈሩ ትምህርት ቤት ያዋጣል። እዚያ የሚታዘዘው ግን ለጠባቂዋ ባርኔጣ እንጂ ለጫካው እንዳልሆነ የዚያን ቀን ገባኝ። ያ ፕላስቲክ ደግሞ የትም አይቀርም፤ የወፍ ዋሻ ውሃ ወደ አዋሽ ነው የሚወርደው፤ ቆላ ላይ ግመል የሚያጠጣ ሰው ይጠብቀዋል። አንድ እረኛ ልጅ ከድንጋይ ድንጋይ እየዘለለ ደርሶ አወጣው፤ አራግፎ በገመድ ወገቡ ላይ አሰረው። ለእሱ የውሃ መያዣ ሆነ። ብስኩት የበላንበትን ላስቲክ ግን የሚፈልገው የለም፤ አዛውንቱ ጎንበስ ብለው አንስተው በርኖሳቸው ሥር ከተቱት። አንዲት ቃል አልተናገሩም። ቢቆጡን ይሻለኝ ነበር።

ሲመለስ ወዳጄ መከራከሪያ አመጣ፤ «ሰሌዳ የለ፣ ሕግ የለ፣ ማን ከለከለ?» አለ። ያውም እሱ፣ የመንዝ ልጅ! የመንዝን የጓሳ ሣር ሜዳ የጠበቀው ሰሌዳ ነበር እንዴ? የመንዝ ቀደምት አባቶች የአስቦና የጌራ ዘሮች ቀሮ የሚባለውን የጋራ ጥበቃ ሥርዓት አቋቁመው ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ ሲጠብቁት የኖሩት ሣር አይደለም? ጓሳው ሦስት ዓመት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይከለከላል፤ ሲፈቀድ በአንድ ቀን ተጠራርቶ ይታጨዳል፤ ለቤት ክዳን፣ ለገመድ፣ ለገሳ። የደፈረ ሰው ቤቱ እስከ መቃጠል ይደርስ ነበር ይባላል። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ሥርዓቱን ቢያፈርሰውም ጓሳ ዛሬም በማኅበረሰቡ ይጠበቃል፤ ቀይ ቀበሮውም እዚያው ነው። እና «ሕግ የለም» የሚለኝ ማነው? ሕጉ በእንግሊዝኛ ስላልተጻፈ ነው?

ይባስ ብሎ አሁን፣ ሰላም ሲሆን እንሠራዋለን ተብሎ፣ የአካባቢው ተወላጆች በስልክ የምንገናኝበት ቡድን ውስጥ ሐሳብ ቀርቧል። ፏፏቴው ድረስ የሲሚንቶ ደረጃ እንሥራ፣ ሥሩ ላይ ካፌ ይከፈት፣ መብራት ይግባ፤ እያንዳንዳችን ይህን ያህል ዶላር እናዋጣ። ያቀረበው ያው ወዳጄ ነው። «እንደ አሜሪካ» ይላል ደጋግሞ። አሜሪካ ውስጥ አብረን ያየነው ፏፏቴ ሥር ካፌ የለም! ለጉልበት ሕመምተኛ የእንጨት መተላለፊያ ነው ያለው፤ እሱን ቢያመጣ እደግፈው ነበር። ካፌ ተከፈተ ማለት ደግሞ በየቀኑ ስንት ሃይላንድ እንደሚወረወር ተቀምጣችሁ አስሉት።

ቡድኑ ውስጥ የጻፍኩትን እዚህም እደግመዋለሁ፤ ለሲሚንቶ አላዋጣም። ዋጋው በር ላይ እንዲለጠፍ፣ ደረሰኙም በሩ ላይ እንዲቆረጥ የሚጠይቅ ማመልከቻ ካለ እፈርማለሁ። ለደን ጥበቃዎቹ ደህና ጫማና የዝናብ ልብስ የሚሰበሰብ ከሆነ ደግሞ ዛሬውኑ አካውንቱን ላኩልኝ።