በእኔ ኪስ የተመረመረች መኪና

ይህን የምጽፈው ንዴቴ ጥቂት ከበረደ በኋላ ነው፤ ባለፈው ሳምንት ብጽፈው ኖሮ ለልጆቼ የማላስነብበው ነገር ይወጣኝ ነበር። ላለፉት አራት ወራት መኪናዬ ነዳጅ ስሰጣት ታንገራግር ነበር። ቆማ ስትነሣ፣ ወይም በዝግታ እየሄደች ፔዳሉን ድንገት ስረግጠው፣ ወዲያው መነሣት ሲገባት ትንፋሽ እንዳጠረው ሰው ትታነቅና ከአንድ ሰከንድ በኋላ እንደ ምንም ብላ ትሄዳለች። አንድ ሰከንድ ለሰሚው ምንም አይደለም። ከጉርድ ሾላ ወደ መገናኛ በሚወስደው መንገድ አሸዋ የጫነ ሲኖትራክ ከኋላ እየወረደ ዋናው መስመር ውስጥ ለመግባት አፍንጫዋን ላወጣ ሰው ግን፣ ያቺ ሰከንድ ያለችውን ጸሎት ሁሉ አድርሶ የሚጨርስባት ናት።

መኪናዋ አነስተኛ የጃፓን ሥሪት፣ አውቶማቲክ፣ ነዳጅ በኢንጀክተር የምትረጭ ናት፤ ስድስት ዓመት አብራኝ ኖራለች። «ሽጣትና ሌላ ግዛ» የሚለኝ ወዳጅ አልጠፋም። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ አሮጌ መኪና ስንት እንደሚጠራ የሚያውቅ ሰው ግን ይህን ምክር አይሰጥም። ስለዚህ ወደ ጋራዥ ሄድኩ።

የመጀመሪያው ጋራዥ ኮፈኑን ከፍቶ፣ ማርሹ ሳይገባ ሞተሩን ሁለት ሦስት ጊዜ አስጮኸና «ይኸው እኮ አለቃ፣ ምንም የላትም» አለኝ። እውነቱን ነው፤ ቆማ ስትጮኽ ምንም የላትም። የሚያማት ስትሄድ ነው ብዬ ለማስረዳት ብሞክርም «ለማንኛውም ካንዴላ እንቀይርላት» ተባልኩና፣ ቤንዚኑን በብልጭታ የሚያቀጣጥሉት አራት ካንዴላዎች በ4,800 ብር ተቀየሩ። ካንዴላ በጊዜው መቀየሩ ነውር የለውም፤ ይሁን አልኩ። ከጋራዡ በር ወጥቼ ወደ አስፋልቱ ለመግባት እንደረገጥኩ ግን እዚያው በሩ ላይ ታነቀች፤ ከኋላዬ የነበረው የታክሲ ረዳትም ስለ አነዳዴ ያለውን አስተያየት መላው ሰፈር እንዲሰማው አድርጎ ነገረኝ።

ሁለተኛው ጋራዥ ገና ቁልፉን ሳልሰጠው «ፖምፓ ነው» አለ። የነዳጅ ፖምፓ ሲደክም የሚታየውን ምልክት እኔ መካኒክ ያልሆንኩት እንኳ አንብቤ አውቃለሁ፤ ሞተሩ ብዙ ነዳጅ ለረጅም ጊዜ ሲጠይቅ፣ ለምሳሌ ረጅም ዳገት ላይ፣ ጉልበቱ እየሞተ ይሄዳል። የእኔዋ ግን በዚያው ሰሞን የሽሮ ሜዳን ዳገት እስከ እንጦጦ፣ አንዴ ከተነሣች በኋላ፣ ያለ አንዳች ቅሬታ ወጥታዋለች። ይህንኑ ነገርኩት። መልሱ «ቤንዚኑ ቆሻሻ ስለሆነ ፖምፓውን በልቶታል» የሚል ሆነ። ሰዓታት ተሰልፈን በምንቀዳበት፣ ማደያው ሲደርቅ ደግሞ በጀሪካን ከመንገድ ዳር በምንገዛበት ከተማ ቤንዚኑን መጠርጠር ቀላል ነው፤ በቤንዚን ላይ የተነሣ ክስ ጠበቃም አያገኝም። ይሁን እንጂ ከእኔው ማደያ፣ ብዙ ጊዜም በዚያው ሰልፍ ላይ የሚቀዳው ጎረቤቴ መኪናውን እንደ ልቡ ይነዳል። ፖምፓው በ11,000 ብር ተቀየረ። መኪናዋ አልተቀየረችም።

ሦስተኛው ሰው ምንም ስላልቀየረብኝ ብዙ አልከፋበትም፤ ነገር ግን «የአዲስ አበባ ከፍታ ነው፣ አየሩ ይሳሳል፣ እሱን ልመደው» ብሎ ሸኘኝ። አየሩ መሳሳቱ እውነት ነው፤ ከባሕር ጠለል 2,300 ሜትር በላይ ያለው የአየር ግፊት ከጅቡቲ ወደብ ጋር ሲነጻጸር በሩብ ገደማ ያንሳል። ኢንጀክተር ከመምጣቱ በፊት፣ በካርቡራቶር ዘመን፣ ይህ ትልቅ ጉዳይ ነበር፤ ቆላ የተስተካከለ ሞተር ደጋ ሲወጣ ጥቁር ጭስ የሚተፋው ለዚህ ነው። ኢንጀክተር ያለው ሞተር ግን የሚገባውን አየር በሴንሰር እየለካ ነዳጁን በዚያው ልክ ይቀንሳል። ከሁሉ በላይ ደግሞ፣ መኪናዋ ስድስት ዓመት የኖረችው እዚሁ ከተማ ነው። እንጦጦ በዚህ ዓመት አልተሠራም።

በዚህ መሐል ዳሽቦርዱ ላይ ቢጫዋ የቼክ ኢንጂን መብራት በራች፤ እኔም ሞኙ ደስ አለኝ፣ በሽታዋ ራሷ ልትናገር ነው ብዬ። አራተኛው ጋራዥ «በኮምፒውተር ምርመራ» የሚል ትልቅ ባነር የሰቀለ ነበር። ልጁ ማሽኑን ከመሪው ሥር ሰካና በሁለት ደቂቃ ውስጥ ፒ0171 የሚል ኮድ አወጣ። ይህ መሰኪያና ይህ የኮድ ቋንቋ እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ በአሜሪካ ለሚሸጡ አውቶሞቢሎች ሁሉ ግዴታ ከሆነ በኋላ ዓለምን ያዳረሰ ነው፤ የኮዱም ትርጉም በማንኛውም ስልክ ተፈልጎ ይገኛል። ሞተሩ ውስጥ የሚቃጠለው የአየርና የነዳጅ ድብልቅ ነዳጅ አንሶታል፣ ወይም አየር በዝቶበታል ማለት ነው። ይኸው ነው። የትኛው ዕቃ እንደተበላሸ አይናገርም። ልጁ ግን ማሽኑን ነቅሎ እንኳ ሳይጨርስ «ኦክስጅን ሴንሰሩ ሞቷል» ብሎ ፈረደ።

እዚህ ላይ ቆም ልበል፤ ደሜን ያፈላው ይህ ነውና። ኦክስጅን ሴንሰር የጭስ ማውጫው ላይ ተቀምጦ ከተቃጠለው ጭስ ውስጥ የቀረውን ኦክስጅን እያሸተተ ለኮምፒውተሩ ወሬ የሚያቀብል ዕቃ ነው። ቤንዚን በደንብ እንዲቃጠል ለ1 ኪሎ ቤንዚን 14.7 ኪሎ ያህል አየር ያስፈልገዋል፤ አየሩ ከዚያ ሲበልጥ «በዝቷል» ብሎ የሚናገረው እርሱ ነው። የእኔው ሴንሰር ሥራውን በሚገባ እየሠራ፣ «አየር በዝቷል» እያለ እየጮኸ ነበር። እሳት ተነሣ ብሎ የጮኸውን ጎረቤት ዘብጥያ ያወርዱታል? አወረዱት፤ ነቀሉትና አዲስ ጯሂ በ13,500 ብር ተከሉ። ኮዱን አጠፉት፣ መብራቱ ጠፋ፣ «አለቀ» ተባልኩ። በሦስተኛው ቀን አዲሱ ሴንሰር የአሮጌውን ቃል ቀጥ አድርጎ ደገመው፤ ፒ0171።

ያዳነችኝ ሳሪስ አካባቢ በአንድ ጠባብ ግቢ ውስጥ የምትሠራ ወጣት መካኒክ ናት። የያዘችው ማሽን ከባለ ባነሩ የሚበልጥ እንዳይመስላችሁ፤ እንዲያውም አሮጌና መስታወቱ የተጫረ ነው። ልዩነቱ መጀመሪያ ማሽኑን አለማውጣቷ ነበር። «ጋሼ፣ የሚብሰው ጠዋት ቀዝቅዛ ነው ወይስ ሞቃም ነው? ቀስ ብለው ሲረግጡትስ ያደርጋል? ሁልጊዜ ፔዳሉ አንድ ቦታ ላይ ሲደርስ ነው? ወደ ኋላ ማርሽስ?» አለችኝ። በአራት ወር ውስጥ ጥያቄ የጠየቀኝ የመጀመሪያዋ ሰው ናት ብል አላጋነንኩም። ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ ቢሆን የፔዳሉን አቀማመጥ የሚለካው ሴንሰር ተበልቷል ብላ እንደምትጠረጥር፣ ጭነት ሲበዛ የሚንቀጠቀጥ ቢሆን ደግሞ ለካንዴላዎቹ ኤሌክትሪክ የሚልኩትን ኮይሎች እንደምታይ ገለጸችልኝ። እኔም ሳስበው፣ ለካስ ቀስ ብዬ ስረግጥ አታንገራግርም፤ የሚያማት ድንገት ስረግጥ ነው፤ ወደ ኋላ ማርሽ ደግሞ ጨርሶ አጋጥሞኝ አያውቅም።

ከዚያ የነዳጁን ግፊት በጌጅ ለካች፤ 3.2 ባር ላይ ቀጥ ብሎ ቆመ፣ ጤነኛ ነው። ቀጥላ ማሽኑን ሰካችና ኮዱን ትታ ቁጥሮቹን፣ ሞተሩ እየሠራ የሚለዋወጡትን፣ ማንበብ ጀመረች። ከእነርሱ አንዱ ኮምፒውተሩ ድብልቁን ለማስተካከል በነዳጁ ላይ የሚጨምረውን ወይም የሚቀንሰውን በመቶኛ የሚያሳይ ነው፤ በጤናማ ሞተር ላይ በዜሮ ዙሪያ ይመላለሳል። በሚኒሞ ላይ፣ ማለትም ነዳጅ ሳይረገጥ፣ 4 አካባቢ ነበር። ማርሹ ሳይገባ አስጮኸችው፤ ምንም። «አሁን ፍሬኑን አጥብቀው ይርገጡ፣ ወደፊት ማርሽ ያስገቡና ለአፍታ ብቻ ነዳጅ ይስጡ» አለችኝ። ቁጥሩ ዘሎ ከ20 በላይ ወጣ። ደጋግመን አላደረግነውም፤ ካምቢዮውን፣ የማርሽ ሳጥኑን፣ ያሞቀዋልና እናንተም በዋዛ አትሞክሩት። ከእኔና ከማሽኑ በላይ ያየችው ግን ሞተሩን ነበር፤ ማርሽ ገብቶ ነዳጅ ሲሰጠው ሞተሩ ራሱ እንደ ከብት ወደ ኋላ ጋደል ይላል፣ የተቀመጠባቸው ጎማዎች አርጅተዋልና። በአራት ወር ሙሉ ይህን ማንም አላየውም፤ ሁሉም የሚያስጮኻት ማርሽ ሳያስገባ ነበር።

ካቻቢቴ አምጥታ ሁለቱን ማሰሪያ ፋሼታ ፈታችና ከአየር ማጣሪያው ወደ ሞተሩ የሚሄደውን፣ እንደ አኮርዲዮን የታጠፈውን ጥቁር የጎማ ቱቦ በእጄ ላይ አስቀመጠችው። ሲያዩት ደህና ነው። በሁለት አውራ ጣቷ እጥፋቱን ስትከፍተው ግን ከሥሩ፣ ጣት የሚያህል ስንጥቅ አፉን ከፈተ፤ ስትለቀው ተመልሶ ገጠመ፣ ዓይን የማያየው ሆነ። ሞተሩ ወደ ኋላ ሲጋደል ቱቦው ይሳባል፣ ስንጥቁ ይከፈታል፤ ወደ ኋላ ማርሽ ሲገባ ሞተሩ የሚጋደለው ወደ ሌላው ወገን ነውና እንደተዘጋ ይቀራል። አየሩን የሚለካው ሴንሰር ያለው ደግሞ ከስንጥቁ በፊት ነው። በሠርግ አስቡት፤ አስተናጋጁ በድንኳኑ በር የሚገባውን እየቆጠረ እንጀራ ያዛል፣ በጓሮ አጥር ተሹለክልኮ የገባውን ግን ማንም አልቆጠረውም፣ ስለዚህ ምግቡ አነሰ። መኪናዬ በየመገንጠያው ስትታነቅ የነበረው በጓሮ በገባ አየር ነው።

ቱቦውን ከሶማሌ ተራ ያገለገለ ግን ደህና የሆነ በ2,500 ብር አገኘሁ። የሞተሩ መቀመጫ ጎማ ካልተቀየረ አዲሱንም እንደሚቀደው ስለነገረችኝ እርሱንም አስቀየርኩ። ልጅቷ ለምርመራዋ የጠየቀችኝ 1,500 ብር ነው። ከዚያ በፊት ለካንዴላ፣ ለፖምፓ፣ ለሴንሰር፣ ለኮድ ማስነበቢያና ለእጅ ዋጋ ያፈሰስኩት ሲደመር 37,300 ብር ይሆናል።

የራሴንም ጥፋት አልደብቅም። የመጀመሪያው መካኒክ «ችግሩን ለመፈለግ ብቻ 1,500 ብር እቀበላለሁ፣ ምንም ዕቃ ላልቀይር እችላለሁ» ቢለኝ ኖሮ፣ ዘረፋ ነው ብዬ ጥዬው እንደምሄድ አውቃለሁ። ለዕቃ 13,500 ብር ሳንከራከር እየቆጠርን ለማሰቢያ ጊዜ አንከፍልም፤ መካኒኩም ይህን ስለሚያውቅ የሚኖረው በዕቃ ነው። ይህ ግን ለባለ ባነሩ ማስተባበያ አይሆነውም፤ እርሱ ለምርመራ ብሎ ሁለቴ ሺህ ሺህ ብር ተቀብሎኛልና።

ቅዳሜ ዕለት የተሰነጠቀውን ቱቦ በፌስታል ይዤ ወደ እርሱ ጋራዥ ሄድኩ። አውጥቶ አገላብጦ አየውና፣ እኔ እጥፋቱን ከፍቼ ሳሳየው፣ «አሃ፣ ይሄማ ቀላል ነበር» አለኝ። ገንዘቤን እንደማይመልስ አውቄ ስለነበር አልጠየቅኩትም፤ የነቀለውን ጤነኛ ሴንሰሬን ብቻ መልስልኝ አልኩት። ወደ መደርደሪያው ዞር ብሎ እንደሚፈልግ ሰው ጥቂት ቆየና፣ «አለቃ፣ እሱ እኮ ለአንድ ደንበኛ ተገጠመ» አለኝ።