ከብብት የተወሰደች ቆዳ

የጎረቤቴ ልጅ አራት ዓመቱ ነበር፤ እዚሁ ደሴ፣ ሸዋበር። ቡና ተጥዶ እየሮጠ መጣና የፈላውን ጀበና ቀኝ ክንዱ ላይ ደፋው። እናቱ ደንግጣ ቡሆ ለቀለቀችበት፣ ሌላዋ የጥርስ ሳሙና ይዛ መጣች። «አብሽሪ፣ ይሽራል» አልናት። ሻረም። ግን ጠባሳው ሲደርቅ ተሰብስቦ ክርኑን አጥፎ ያዘው። ዛሬ ተማሪ ነው፤ እጅ አውጡ ሲባል የሚያወጣው ግራውን ነው።

እሱን ባየሁ ቁጥር ሃዋርድ ግሪን የሚባለው አሜሪካዊ ተመራማሪ ትዝ ይለኛል። ግሪን ሲጀምር ስለ ቃጠሎ አልነበረም የሚያጠናው። ከአይጥ የወጣ ዕጢ ሲመረምር የቆዳ ህዋሳት ሲያድጉ አየ፤ አልተዋቸውም። እንደ ፈረንጆቹ በ1975 ከጄምስ ራይንዋልድ ጋር ሆኖ የሰው ቆዳ ህዋስ ላብራቶሪ ውስጥ እንዴት እንደሚባዛ አሳየ። በጨረር መባዛታቸውን ያቆሙ የአይጥ ህዋሳት ከሥር ይነጠፋሉ፣ የሰው ህዋስ በላያቸው ይዘራል። ከዚያ ውስጥ ያሉት ግንደ ህዋሳት፣ ማለትም ቆዳችንን ዕድሜ ልክ የሚያድሱት፣ እየተባዙ ስስ ንጣፍ ይሠራሉ።

በ1983 የ5 እና የ6 ዓመት ወንድማማቾች ከ95 በመቶ በላይ ሰውነታቸው ተቃጥሎ ቦስተን ገቡ። ከብብታቸው 2 ስኩዌር ሴንቲ ሜትር ቆዳ ተወሰደ፤ የአውራ ጣት ጥፍር ብታክል ነው። እሷ በግሪን ዘዴ ተባዝታ ከሰውነታቸው ግማሽ ያህሉን ሸፈነች። ሁለቱም ዳኑ። እርግጥ እንዲህ ያደገ ቆዳ ላብ አያወጣም፣ ፀጉርም አያበቅልም፤ ግን ሕይወት ነው።

«ጓንት በሚጠፋበት አገር ስለ ግንደ ህዋስ ታወራለህ?» የሚለኝ አለ። አዎ አወራለሁ! ምድጃው መሬት ላይ ላለ ሕዝብ ቃጠሎ የሩቅ ጉዳይ አይደለም። ደግሞ እኛ ዝም ስንል ወሬውን የሚሞላው ስኳርም ሽባነትም በስቴም ሴል (በግንደ ህዋስ) እናድናለን የሚል የቴሌግራም ማስታወቂያ ነው፤ እባካችሁ ቤታችሁን ሸጣችሁ እንዳትከተሉት።

ከግሪን ሥራ አንድ ነገር እንያዝ። ቆዳው እስኪያድግ ሳምንታት ይፈጃል። ልጆቹን እስከዚያ ያቆያቸው ቁስል የሚያጥቡ፣ ፈሳሽ የሚተኩ፣ ኢንፌክሽን የሚጠብቁ የቃጠሎ ክፍል ሠራተኞች ናቸው። ለወሎም መጀመሪያ የምጠይቀው ይሄንኑ ነው፤ በቃጠሎ የሠለጠነ ክፍል፣ ተራውን የቆዳ ንቅለ ተከላ በጊዜው የሚሠራ ሐኪም፣ ከቁስሉ በኋላ ክንድ የሚያፍታታ ፊዚዮቴራፒስት። ላብራቶሪው የሚገነባው በዚያ መሠረት ላይ ነው። እስከዚያው ቡሆውን እንተውና የተቃጠለውን ቦታ ወዲያው ለ20 ደቂቃ ቀዝቃዛ የቧንቧ ውሃ እናውርድበት።

ባለፈው ሰሞን እናትየው «እንግዲህ እጁ አይቃናም?» አለችኝ። ይቃናል። የተሰበሰበውን ጠባሳ ቆርጠው ያላቅቁና ከጭኑ ቆዳ ወስደው ይተክሉለታል። ለዚያ ግን አዲስ አበባ ሂዱ ተብለዋል፤ የመሳፈሪያ እያጠራቀመች ነው።