ይህ የማን ግማሽ ቀን ነው?

«መምህር የሚሠራው ግማሽ ቀን ስለሆነ ደመወዙ አያንሰውም» የሚለውን በአንድ ጽሑፍ ላይ ያነበብኩትን ሐሳብ ፈጽሞ አልቀበልም። ባለቤቴ የሁለተኛ ደረጃ የሒሳብ መምህርት ናት። ከ60 በላይ ተማሪ ያለባቸውን አምስት ክፍሎች ታስተምራለች። አንድ ፈተና በሰጠች ቁጥር ከ300 በላይ ወረቀት ተሸክማ ቤት ትገባለች፤ መብራት ሲጠፋ በሻማ ታርማለች። ይህ የማን ግማሽ ቀን ነው?

በሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ደመወዝ መጨመሩ እውነት ነው። በእኛ ቤት ግን ጭማሪው የኪራዩንና የዘይቱን ዋጋ አልደረሰበትም። በ2014 የ12ኛ ክፍል ፈተና ግማሽና ከዚያ በላይ ነጥብ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ሲሆኑ ጣት የተቀሰረው ወደ መምህሩ ነበር። ኑሮውን ለመደጎም እስከ ምሽት ከቤት ቤት እየዞረ የሚያስጠና ሰው የነገውን ትምህርት መቼ ያዘጋጅ?